የሠላሳኛው ቀን ስልክ፦ ተማሪዎችና ጀማሪ ሐኪሞች ምርምር ሲሠሩ

ጨጓራ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ወይ ራሱ አለበት፣ ወይ እናቱ አለባት፣ ወይ አለቃው ጨጓራውን ልጦታል። ሆዴን አቃጠለኝ ብለው ክሊኒክ ሲሄዱ የሰገራ ምርመራ ይታዘዛል። ውጤቱ «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ» ይላል፤ ጨጓራ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ተገኘ ማለት ነው። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና አንድ የአሲድ መቀነሻ ይዘው ይወጣሉ። ለሁለት ሳምንት አፍ ይመራል፣ ቡና ይናፍቃል፣ ከዚያ ያልፋል።

ይህች ትንሽ ወረቀት በ1980 ብትፈለግ አትገኝም ነበር። (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያኔ የጨጓራ ቁስለት የጭንቀትና የአሲድ በሽታ ነው ይባል ነበር። በዚያ ሁሉ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል የሚል ሰው ይሳቅበት ነበር።

ነገሩን የገለበጡት በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች ናቸው። አንዱ ሮቢን ዋረን ይባላል፤ በማይክሮስኮፕ ሥጋ የሚመረምር የፓቶሎጂ ሐኪም ነው። ከ1979 ጀምሮ ከጨጓራ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ጠመም ያሉ ባክቴሪያዎች ያይ ነበር፤ የሚሰማው ግን ብዙም አላገኘም። ሌላው ባሪ ማርሻል ነው። በ1981 ማርሻል ገና በሥልጠና ላይ ነበር፤ እኛ ጋ ሬዚደንት የምንለው ዓይነት። ለሥልጠናው አንድ የምርምር ሥራ ማቅረብ ነበረበት። አለቃው ወደ ዋረን ላከው። እንዲህ ነው የተጀመረው፤ ከላይ የወረደ ራእይ አልነበረም፣ የቤት ሥራ ነበር።

በ1982 ከ100 ሕመምተኞች ናሙና መውሰድ ጀመሩ። ባክቴሪያውን በሳህን ላይ ለማብቀል ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ከ30 በላይ ናሙና ባዶ ወጣ። ምክንያቱ በኋላ ሲታወቅ ያስቃል። ላብራቶሪው በልማዱ ሳህኑን ለሁለት ቀን ያቆይና ምንም ካልበቀለ ይጥለዋል። ፋሲካ ደረሰ። ሰው ዕረፍት ወጣ፣ ሳህኑን የሚጥል ጠፋ። ከአምስት ቀን በኋላ ሲመለሱ በቅሎ ጠበቃቸው። ባክቴሪያው የሚያድገው ቀስ ብሎ ነበር፤ የቸኮለው ሰው ነው።

ውጤቱ ሲደመር የአንጀት መጀመሪያ ላይ ቁስለት የነበረባቸው 13ቱም ሕመምተኞች ባክቴሪያው ተገኘባቸው። ማርሻል በ1983 ይህንን ለአገሩ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ አቀረበ። ከቀረቡት 67 ጽሑፎች 56ቱ ተቀባይነት አገኙ። የእሱ ከወደቁት ውስጥ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ባክቴሪያውን በብርጭቆ በጥብጦ ጠጣው፤ ለሚስቱ የነገራት ከጠጣ በኋላ ነው። ጨጓራው ተቆጣ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ባክቴሪያው ተገኘ። በ2005 ከዋረን ጋር ኖቤል ተሸለሙ።

ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ብርጭቆዋ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር ከብርጭቆዋ በፊት ያለው ነው፤ 100 ሰው፣ ተመሳሳይ ጥያቄ፣ የማይዘለል መዝገብ። ማርሻል በዕውቀት ከአለቆቹ አይበልጥም ነበር። የሚበልጣቸው በሁለት ነገር ነው። አሮጌውን ትምህርት ሲያስተምር የኖረ ስላልሆነ የሚያፍርበት ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ጊዜውን የሚያሳልፈው ከሕመምተኛው ጎን ነው።

ተማሪዎች ነገር ሲያገኙ ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። በ1869 በርሊን ውስጥ የ21 ዓመቱ ፖል ላንገርሃንስ የመመረቂያ ጽሑፉን በቆሽት ላይ ሠራ። እኛ ቆሽት የምናስታውሰው ሲያርር ብቻ ነው፤ እሱ በማይክሮስኮፕ አየው። በቆሽቱ ውስጥ እንደ ደሴት ተነጥለው የተሰበሰቡ ትናንሽ የሴል ክምችቶች አገኘ። ምን እንደሚሠሩ ግን እንደማያውቅ ጻፈና አለፈ። እንዲህ ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ ዛሬ ቢቀርብ «ታዲያ መደምደሚያህ የታል?» የሚል ፈታኝ አይጠፋም። ደሴቶቹ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ።

ከ52 ዓመት በኋላ በካናዳዋ ቶሮንቶ ፍሬድሪክ ባንቲንግ የሚባል ወጣት ሐኪም ከእነዚያ ደሴቶች የሚመነጨውን ነገር ፍለጋ ተነሳ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ጆን ማክላውድ ሁለት ተማሪዎች ሰጡት። ማን ቀድሞ ይጀምር? ተማሪዎቹ ሳንቲም ወረወሩ። የ22 ዓመቱ ቻርልስ ቤስት አሸነፈ። ያ ዓመት አልፎ ጥር 11 ቀን 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል ስኳር ያለበት የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን ኢንሱሊን ተወጋ። የመጀመሪያው ብዙም አልሠራም፤ የተወጋበት ቦታም መግል ቋጠረ። ጄምስ ኮሊፕ የተባለ ባዮኬሚስት አጣራው፣ ከ12 ቀን በኋላ ደግመው ወጉት፣ ስኳሩ ወረደ። ኖቤሉ በ1923 ለባንቲንግና ለማክላውድ ሲሰጥ ባንቲንግ ተቆጣ፤ የገንዘቡን ግማሽ ለቤስት አካፈለው። ማክላውድም የራሱን ለኮሊፕ አካፈለ። «ኢንሱሊን» የሚለው ስም በላቲን «ደሴት» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ተማሪው ላንገርሃንስ ምንነቱን አላውቅም ያለው ነገር ነው።

በ1916 ደግሞ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ጄይ ማክሊን የሚባል የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ደም የሚያረጋ ነገር እንዲፈልግ ተላከ። ከጉበት ያወጣው ነገር ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ። ሄፓሪን ብለን ዛሬ በየሆስፒታሉ የምንወጋው ነገር የሚነሳው ከዚያ ነው።

ወደ ቤታችን ልምጣ። በ1964 አክሊሉ ለማ የሚባል ወጣት ተመራማሪ በአድዋ አካባቢ በወንዝ ዳር ነበር። ሥራው ስለ ብልሃርዝያ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶቹ ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አየ። ከላይ በኩል ሕያው ናቸው። እንዶድን እናቶቻችን ለስንት ዘመን ነጠላ አንጥተውበታል፤ ቀንድ አውጣውም ለስንት ዘመን ከታች ሞቷል። ያልነበረው «ለምን?» ብሎ የሚቆጥር ሰው ነው። አክሊሉ ተማሪ አልነበረም፤ አጥንቶ የጨረሰ ሰው ነው። እዚህ ያስገባሁት ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስላጣሁ ነው። እሱና ለገሰ ወልደዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ።

አሁን መራራውን እንዋጥ። ለአንድ ማርሻል ስንት ሺህ ጀማሪ ሐኪም ጥናቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል?

የእህቴ ልጅ ኢንተርን ናት፤ ማለትም የሕክምና ትምህርቷ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሆና ዎርድ ውስጥ የምትሠራ። የት እንደሆነ ይቅር። የመመረቂያ ጥናቷን ስትሠራ አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ሄድኩ። ካርድ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ጋውኗ አቧራ ለብሷል። ሆዳቸው ተከፍቶ ኦፕሬሽን የተደረጉ ሰዎችን ካርድ እየፈለገች ነው። ከመዝገብ የጻፈቻቸው ቁጥሮች 60 ናቸው፤ ያገኘችው 38 ካርድ ነው። ከ38ቱ ደግሞ «ቁስሉ እንዴት ነው?» የሚለውን የሚመልስ ጽሑፍ ያላቸው ግማሽ አይሆኑም። አንዱ ካርድ ላይ ሐኪሙ የጻፈው አንድ ቃል ነው። ቃሉን አገላብጠን ማንበብ አልቻልንም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥናት አይደለም፣ አርኪዮሎጂ ነው» አለችኝ።

ሳቅኩ። ነገር ግን የተናገረችው የነገሩን ልብ ነው። ብዙው የተማሪ ጥናት ሌላ ሰው ለሌላ ዓላማ በችኮላ የጻፈውን ማስታወሻ ቆፍሮ ማውጣት ነው። ቁፋሮው ያልጻፉትን አያወጣም።

ሌላው ችግር ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሱኝ። ሆድ ተከፍቶ ከተሰፋ በኋላ ከአምስት ሰው አንዱ ቁስሉ ያመረቅዛል እንበል። አንዲት ተማሪ አዲስ ዘዴ ልትፈትሽ 40 ሕመምተኛ አገኘች። 20ው በአዲሱ፣ 20ው በድሮው። በድሮው 4 ሰው አመረቀዘ፣ በአዲሱ 3። ዘዴው ሠራ? አይታወቅም። አንድ ሰው ብቻ ነው ልዩነቱ። ያ ሰው ስኳር ስላለበት ሊሆን ይችላል፣ ቤቱ ውኃ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ዝም ብሎ ዕጣው ሊሆን ይችላል። ማመርቀዙ ከ20 በመቶ ወደ 15 በመቶ መውረዱን አስተማማኝ በሆነ መንገድ ለማየት በእያንዳንዱ ወገን ወደ 900 ሰው ያስፈልጋል። በድምሩ 1,800። ለአንዲት ኢንተርን በአንድ ሆስፒታል በጥቂት ወር ይህ የማይታሰብ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ደቦ። እውነቴን ነው፤ ሌላ ቃል አልፈልግለትም። አንድ ማሳ ላይ ጎረቤት ሁሉ ማጭድ ይዞ እንደሚወጣው ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዙሪያ የነበሩ በሥልጠና ላይ ያሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ይህን ጀመሩ። ሠልጣኝ በየጥቂት ወሩ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዛወራል። ለብቻው ጥናት ቢጀምር ሳይጨርስ ይሄዳል። በቡድን ከሆነ ግን አንዱ ሲሄድ ሌላው ይረከባል። ሮሲኒ የተባለው ጥናታቸው በ21 ሆስፒታሎች 760 ሕመምተኞችን አሳተፈ። ጥያቄው፦ ሆድ ሲከፈት የቁስሉን ከንፈር የሚሸፍን የፕላስቲክ መከላከያ ማመርቀዝን ይቀንሳል ወይ? መልሱ በ2013 ወጣ። ከመከላከያው ጋር 24.7 በመቶ አመረቀዘ፣ ያለ መከላከያ 25.4 በመቶ። አይቀንስም።

እኔ ይህን ውጤት እወደዋለሁ። ወጣቶቹ ያን ሁሉ ደክመው «አልሠራም» የሚል መልስ ይዘው ወጡ፣ ሳያፍሩም አሳተሙት። ሆስፒታል ለማይጠቅም ዕቃ ገንዘብ እንዳያወጣ መንገርም ግኝት ነው።

በዚያው በ2013 በዚያው አገር የሕክምና ተማሪዎች ስታርሰርግ የሚባል የራሳቸውን መረብ አቋቋሙ። ከዚህ ልምድ ጋር ተያይዞ ግሎባልሰርግ የሚባል ዓለም አቀፍ ደቦ መጣ። አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። በየሆስፒታሉ ሁለት ሦስት ሰው ያለበት ትንሽ ቡድን ይሆናል፤ ተማሪ፣ ጀማሪ ሐኪም፣ ከላይ አንድ ሲኒየር። ሁሉም አንድ ዓይነት ቅጽ ይይዛል። ለሁለት ሳምንት ጥናቱ የሚመለከተውን ኦፕሬሽን የተደረገ ሰው ሁሉ ይመዘገባል። «ሁሉ» የሚለው ላይ ይሰመርበት። ቆንጆ የዳነውን መዝግቦ የሞተውን መዝለል የለም። ከዚያ እያንዳንዱን ሕመምተኛ እስከ 30ኛው ቀን ይከታተላሉ።

ስንፍና እንዳይገባበትም ቁልፍ አለው። ማስረጃው ብዙ ቀዳዳ ካለበት የዚያ ሆስፒታል ሥራ ከጥናቱ ይወጣል። ከድካምህ በኋላ ስምህ የለም ማለት ነው። የእህቴን ልጅ አርኪዮሎጂ አስታውሱ፤ እዚህ ማስታወሻው አስቀድሞ የታሰበ ነው፣ የሚጽፈውም ጥያቄውን የሚያውቀው ሰው ነው።

ሁለተኛው ዙራቸው ስለ ቁስል ማመርቀዝ ነበር። በ66 አገሮች፣ በ343 ሆስፒታሎች 12,539 ሰዎች ተመዘገቡ። በበለጸጉት አገሮች 9.4 በመቶ፣ በመካከለኞቹ 14.0 በመቶ፣ በድሆቹ 23.2 በመቶ አመረቀዙ። ድሃ አገር ይከፋል ማለት ለማንም ዜና አይደለም። ነገር ግን «ይከፋል» እና «ከአራት ሰው ወደ አንዱ» የተለያዩ ንግግሮች ናቸው። ሁለተኛው በጀት ያስነሳል።

ከዚሁ ሥራ ጋር በተያያዘ የተሠራ አንድ ሙከራ ደግሞ እጅግ ተራ ጥያቄ ጠየቀ። ሐኪሙ ሆዱን ከመስፋቱ በፊት ጓንቱንና መሣሪያውን ቢቀይርስ? አስቡት። አንጀት ሲነካ በቆየ ጓንት ቆዳ መስፋት በማንኪያ ወጥ አማስሎ በዚያው ማንኪያ ቡና ውስጥ ስኳር እንደማማሰል ነው። ሙከራው በቤኒን፣ በጋና፣ በሩዋንዳ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በሕንድና በሜክሲኮ 81 ሆስፒታሎች ተሠራ፤ 13,301 ሰው ገባበት። ማመርቀዙ ከ18.9 ወደ 16.0 በመቶ ወረደ። ከ100 ሰው ሦስት ገደማ ማለት ነው፣ በጓንት። ቅድም የሠራነውን ሒሳብ ካስታወሳችሁ፣ ይህን ትንሽ ልዩነት 40 ሰው በጭራሽ ሊያሳይ አይችልም ነበር።

ስለ ስም ነገር አንድ ልበል። በዚህ መረብ ሲታተም ስሙ የሚጠቀሰው የሁሉም ነው። በኮቪድ ጊዜ የተሠራው ከ140,000 በላይ ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት 15,025 ጸሐፊዎች ስለነበሩት በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። ከጊዜው መልሶች አንዱ፦ ኮቪድ ይዞት የነበረ ሰው ቢቻል ኦፕሬሽኑን ሰባት ሳምንት ይቆይ። 15,025 ስም ሲባል «ታዲያ ማን ሠራው?» የሚል አለ። እኔ መልሴ፣ ማታ ዲዩቲ ላይ ሆኖ ቅጽ የሞላው ሠራው ነው። ድሮ እኮ ያ ልጅ ስሙ ከታች በ«እናመሰግናለን» ውስጥ እንኳ አይገባም ነበር። ግን ሌላም ገጽ አለው። ቅጽ መሙላት ብቻ የለመደ ጥያቄ መጠየቅ አይማርም። ጥያቄው ሁልጊዜ ከውጭ እየመጣ እኛ ቁጥር ላኪ ብቻ ከሆንን ደቦው የሌላ ሰው ማሳ ላይ ነው።

ሌላው ጉዳይ ሕመምተኛው ነው። በ1885 ዳንኤል ካሪዮን የሚባል የፔሩ የሕክምና ተማሪ ነበር። ቆዳ ላይ ኪንታሮት መሰል እብጠት የሚያወጣ በሽታና አንድ ገዳይ ትኩሳት አንድ ናቸው ወይስ ሁለት የሚለውን ለማወቅ ከአንድ ታማሚ እብጠት የተወሰደ ደም በክንዱ ላይ አስከተበ። ትኩሳቱ ያዘው። ጥቅምት 5 ሞተ። አንድ በሽታ መሆናቸው በእሱ ሞት ታወቀ፤ ፔሩ ያን ቀን እስከ ዛሬ የሕክምና ቀን አድርጋ ታከብረዋለች። ጀግንነቱን አልክድም። ግን ዛሬ እንዲህ ያለ ፕሮፖዛል የያዘ ተማሪ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው በር አያልፍም፤ ባያልፍም ደስ ይለኛል።

ኮሚቴው የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ ዋናው ግን ይህ ነው፦ ሕመምተኛው እምቢ ማለት ይችላል ወይ? እኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሲጠይቅ «እንዳልክ ዶክተር» ማለት ልማዳችን ነው። ኢንተርኑ የ24 ዓመት ልጅ ቢሆንም ታማሚው እሱን እምቢ ማለት መድኃኒቱን የሚያስቀርበት ይመስለዋል። ስለዚህ ወረቀት ይዞ አልጋችሁ አጠገብ ለሚመጣው ልጅ ሦስት ነገር ብትጠይቁት ነውር የለውም። ይህ ሕክምናዬ ነው ወይስ ጥናት? እምቢ ብል ምን ይቀርብኛል? ስሜ የት ይገባል? በደንብ የተማረ ልጅ ከሆነ ሳይጠየቅ ይነግራችኋል። እምቢ ማለት ምንም አያስቀርም፤ በስማችሁ ፋንታም ቁጥር ይጻፋል።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ካርድ ክፍሉን ተወችው። አማካሪዋን አስፈቅዳ፣ ኮሚቴው እንደገና አይቶላት፣ ጥያቄዋን አጠበበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦፕሬሽን የሚደረጉትን ብቻ ራሷ መመዝገብና በ30ኛው ቀን መደወል። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በሁለት ሆስፒታል ተከፋፍለው ያዙት። ቁጥሩ ያም ሆኖ ትንሽ ነው፤ እሷም ታውቃለች። ለዚህም ነው ጥናቷ «ዘዴው ሠራ» ለማለት ሳይሆን «እዚህ ስንት ያመረቅዛል?» ብሎ ለመቁጠር ብቻ የተጻፈው።

አንድ ማታ እኛ ቤት እራት በልታ ሳሎን ሆና ስትደውል ሰማኋት።

«እማማ፣ እንዴት አመሹ? ከሆስፒታል ነው። ቁስልዎ እንዴት ሆነልዎት?»

ከወዲያ ያለው ድምፅ ረጅም ነበር። ምርቃትም አለበት፤ ስለ ልጃቸው፣ ስለ በጎቻቸውም። እሷ እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቃለች።

«እሺ እማማ፣ አሜን። ፈሳሽ ወጥቶት ያውቃል?»

ትንሽ ዝም አለች፤ አየችኝ።

«መቼ ነው? ልብስ ሲለብሱ ወይስ ሲተኙ ነው ያዩት? ቀለሙስ? … እማማ፣ ነገ ጠዋት መምጣት አለብዎት። አዎ፣ ነገ። እኔ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ።»

ስልኩን ዘግታ ቅጹ ላይ «አዎ» የሚለውን ሳጥን ምልክት አደረገችበት። ከዚያ የሚቀጥለውን ቁጥር ደወለች።